የሱፐርሂሮ አኒሜ ለክርስቲያን ይሆናልን?



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሱ ስልክ ላይ አቀርቅረው የሚከታተሉት የጃፓን የሱፐርሂሮ አኒሜ ለክርስቲያን ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጥያቄው በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየወጣቶች ፕሮግራሙ ይነሣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «የአጋንንት ሥራ ነው፣ ስልኩን ቀሙት» ይላል። ሌላኛው «ካርቱን እኮ ነው፣ ምን አለበት፣ ይጫወት» ይላል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱንም ክፍል ቁጭ ብለው አላዩም። ልጁ ደግሞ ይህን ያውቃል። ባላየነው ነገር ላይ ስንፈርድ የሰማ ልጅ፣ በምናውቀውም ነገር ስንመክረው ጆሮውን አይሰጠንም።

ስለዚህ ዛሬ «አኒሜ» ስለሚባለው ሰፊ ዓለም በጅምላ አልናገርም። አንድ ሥራ ይዤ፣ እሱን ከፍቼ፣ የሚያስደስተኝንም የሚያስቆጣኝንም በግልጽ ላሳያችሁ። ሥራው «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» ነው፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት ወጣቶች ስሙን ስጠራ ፈገግ እንዳላችሁ አይቻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ይህ ጥያቄ በእኛ ዘመን የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ወጣቶች የአረማውያን ግሪኮችን ድርሰት እንዴት ቢያነቡት እንደሚበጅ ምክር ጽፎላቸው ነበር። የያኔው የግሪክ ግጥም የአማልክት ዝሙትና ሽኩቻ የሞላበት ነው። ባስልዮስ ግን አቃጥሉት አላለም፤ ንብን አሳያቸው። ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ያረፈችበትንም ሙልጭ አድርጋ አትወስድም፤ የሚጠቅማትን ትቀስምና ቀሪውን ትታ ትበርራለች። እዚያው ላይ ደግሞ፣ ክፋት እንደ መልካም ነገር ሲወደስ ጆሮን መድፈን እንደሚገባ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ከእርሱም በፊት ነቢዩ ዳንኤል የከለዳውያንን መጽሐፍና ቋንቋ ተምሯል፤ ከንጉሡ ማዕድ ለመብላት ግን እንቢ ብሏል። መማሩና እንቢ ማለቱ በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። እኔም ዛሬ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ሥራው። ማንጋውን፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከውን መጽሐፍ፣ የጻፈውና የሣለው ኮሄይ ሆሪኮሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳምንታዊ ሾኔን ጃምፕ» በተባለው የጃፓን መጽሔት ላይ መውጣት ጀምሮ በ2024 በ430 ምዕራፎች ተጠናቀቀ። አኒሜውን የሠራው «ቦንስ» የተባለው ስቱዲዮ ሲሆን በ2016 ተጀምሮ በ2025 አበቃ። ስምንት ሲዝን ነው፤ ክፍሎቹ ከ160 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ሃያ ምናምን ደቂቃ ይፈጃልና፣ ልጃችሁ ከዳር እስከ ዳር ካየው ከስልሳ ሰዓት በላይ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖሯል ማለት ነው። ስልሳ ሰዓት አብሮን የኖረ ሰው ቢሆን ማንነቱን ጠይቀን በተረዳን ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሰማንያ በመቶ ያህሉ ከተፈጥሮ የተለየ ኃይል ይዞ የሚወለድበት ዘመን ነው። አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ዕቃን ከመሬት ያንሳፍፋል፣ አንዱ ላቡ ይፈነዳል። ኃይላቸውን ለክፋት የሚያውሉ ሲበዙ፣ እነሱን የሚይዝ «ጀግና» የሚባል ሙያ ተፈጠረ፤ ፈቃድ ያለው፣ ደመወዝ ያለው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደረጃ የሚወጣለት ሙያ። ኢዙኩ ሚዶሪያ ጀግና ለመሆን የሚመኝ ልጅ ነው፤ ግን ያለ ምንም ኃይል ተወለደ። በአራት ዓመቱ ሐኪሙ ይህን ከነገረው በኋላ፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚያደንቀውን ጀግና ቪዲዮ እያየ እናቱን «እኔም ጀግና መሆን እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃታል። እናቱ አቅፋው ታለቅሳለች፤ ይቅርታ ትጠይቀዋለች። ልጁ መስማት የፈለገው ግን ይቅርታን ሳይሆን «ትችላለህ» የሚል አንድ ቃል ነበር። እናቶች ይህን ትዕይንት ብታዩት ስለ ልጆቻችሁ የምታውቁት አንድ ነገር ይጨምራል፤ ለምን እንዲህ እንደሚወዱትም ትረዳላችሁ።

መጀመሪያ የሚነሣውን ተቃውሞ ልያዝ፤ «አስማት ነው፣ መናፍስት አለበት» የሚለውን። በዚህ ሥራ ላይ ሲቀርብ ተቃውሞው ልክ አይደለም። የሰዎቹ ኃይል ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ የሰውነት ጠባይ ሆኖ ነው የቀረበው። መናፍስት ሲጠሩ፣ ድግምት ሲደገም፣ ለጣዖት ሲሠዋ አታዩም። አንዳንዱ ኃይል መልኩ ሊያስፈራ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ጁጁትሱ ካይሰን» የሚባለውን ብትጠይቁኝ ግን መልሴ ይለያል። እዚያ እርግማንና የተረገሙ መናፍስት የታሪኩ አከርካሪ ናቸው፤ ጀግናው ራሱ በውስጡ የእርግማኖችን ንጉሥ ተሸክሞ ይሄዳል። ከጥንቆላ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ቤተሰብ ልጅና፣ ይህን ነገር በተረት ብቻ የሚያውቅ ልጅ ያንን ሥራ እኩል አያዩትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ ያስጨነቀው ይኸው ነው። ጣዖት ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም ሕሊናው ገና ያልጸና ወንድም በእርሱ ምክንያት ከሚሰናከል ሥጋውን መተውን መረጠ። ስለዚህ «እኔን ምንም አያደርገኝም» የሚል ወጣት፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያየው ታናሽ ወንድሙ ማታ ብርሃን አጥፍቶ መተኛት እንዳቃተው ከሰማ፣ ጉዳዩ የእርሱ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በተቃራኒው ደግሞ መስቀል ስለታየበት ክርስቲያናዊ የመሰላቸው አሉ። በ1995 የወጣው «ኒዮን ጄነሲስ ኢቫንጌሊየን» በመስቀልና በመላእክት ስም የተሞላ ነው። ከሠሩት አንዱ፣ ረዳት ዳይሬክተሩ ካዙያ ትሱሩማኪ፣ ምልክቶቹን ያስገቡት በጃፓን እንግዳና ማራኪ ስለሚመስሉ እንደሆነ፣ ክርስቲያናዊ ፍቺ እንዳልነበራቸው በግልጽ ተናግሯል። ክርስቲያኖች ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ በሆኑበት አገር ይህ አያስገርምም። መስቀሉን ቆጥረን አናጽድቅ፤ ቀንዱንም ቆጥረን አንኰንን።

ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ ልሂድ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» በሴት ልጆች ሰውነት ላይ የሚያደርገው ነገር ነውር ነው። ሞሞ ያኦዮሮዙ የምትባለው ተማሪ በታሪኩ መጀመሪያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ በክፍሉ ካሉት ሁሉ በትምህርትም በማስተዋልም የምትመሰገን ናት። የተሰጣት ልብስ ግን ከደረቷ እስከ እምብርቷ የተከፈተ ነው። ኃይሏ ዕቃን ከቆዳዋ ማውጣት ስለሆነ ነው የሚል ምክንያት ቀርቦለታል፤ ምክንያቱን የፈጠረው ግን ደራሲው ነው፤ ሌላም መፍጠር ይችል ነበር። ሚኔታ የሚባል ልጅ ደግሞ አለ፤ ሴት ተማሪዎችን መታጠቢያ ቤት አጮልቆ ለማየት ሲሞክር፣ ሲተናኮል እንደ ቀልድ ይቀርባል። ጓደኞቹ ይቈጡታል፣ ይቀጡታል፤ ሆኖም ተመልካቹ እንዲስቅ ነው የተሰናዳው። ወንድ ልጅ ይህን መቶ ጊዜ ሲያይ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ የሴት ልጅ እፍረት የሚያስቅ መሆኑን። ሴት ልጅም ትማራለች፤ ከሁሉ ብልጥ ብትሆንም መጀመሪያ የሚታየው ሰውነቷ መሆኑን። ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ዓይን የተናገረው የማያሻማ ነው። ክፍሉን መዝለል፣ ትዕይንቱን ማሳለፍ፣ ከዚያም ለምን እንደዘለልን በቃል መናገር ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ማሳለፍ ልጁን ይበልጥ ያጓጓዋል፤ «ይህች ልጅ እኅትህ ብትሆን ይህን ልብስ ማን ያለብሳታል?» ብሎ መጠየቅ ግን ዓይኑን ይከፍታል።

ስለ ደምና ስለ ጭካኔ ብዙ አልናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ለብዙ ወጣት አይከብድም። ወደ ኋላ ግን ከሬሳ የተሠሩ ፍጡራን አሉ፣ የሰው ደም የምትጠጣ ልጅ አለች፣ ኤሪ የምትባል ሕፃን ሰውነቷ ለሙከራ እየተቈራረጠ የምትሠቃይበት ረጅም ታሪክ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለቴሌቪዥን ሲቀርብ ከአሥራ አራት ዓመት በታች ላሉት ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስበው ምልክት ተለጥፎበታል። የስምንት ዓመት ልጅ ስልክ ላይ ሊኖር አይገባም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከደሙ ሁሉ ይልቅ ታስፈራኛለች፤ ያለችውም ገና በመጀመሪያው ክፍል ነው። ካትሱኪ ባኩጎ የሚባለው አብሮ አደጉ፣ ኃይል ስለሌለው የሚያንቋሽሸው ልጅ፣ ሚዶሪያን በሚመጣው ሕይወት ኃይል ይዞ እንዲወለድ ተስፋ አድርጎ ከጣራ እንዲወረወር ይነግረዋል። እንዲህ ነው የሚለው፤ በጓደኞቹ ፊት፣ እየሳቀ። በሌላ ሕይወት እንደገና መወለድ የሚለው ሐሳብ የእኛ እምነት አይደለም፤ ይህንን ማስረዳት ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቃሉን የሚሰማው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮት ያውቅ ይሆናል። ለሌላ ሰው ተናግሮትም ያውቅ ይሆናል። ታሪኩ ባኩጎን እንዲሁ አይለቀውም፤ ከብዙ ሲዝን በኋላ ዝናብ እየዘነበ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ቆመው ሳለ ለሚዶሪያ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እንዴት እንደበደለው፣ ለምን እንደበደለው በዝርዝር ይናገራል። ስሜታዊ ልቅሶ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ ያቋረጠ ልጅ እዚያ አይደርስም። የጣራው ቃል ብቻ ነው የሚቀርለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። አንድ ታሪክ ለክርስቲያን ይሆን እንደሆነ ስመረምር፣ በውስጡ ስንት ክፉ ነገር እንዳለ መቁጠር አይበቃኝም። እንዲያማ ቢሆን መጽሐፈ መሳፍንትን ለልጆች ማንበብ አንችልም ነበር። የምጠይቀው፣ ታሪኩ ማንን እንድወድ፣ ለማንስ እንድሰግድ ይጠራኛል? ብዬ ነው። የሱፐርሂሮ ታሪክ ትልቁ ፈተና እዚህ ነው ያለው። ኃያል ሰው ከሰማይ ወርዶ ያድናችኋል፤ እናንተ ዝም ብላችሁ አጨብጭቡ ይላል። የሰውን ክብር በኃይሉ ይለካል። ጀግናን በመድኅን ቦታ ያስቀምጣል። «ዋን ፐንች ማን» የተባለው ሌላው ታዋቂ አኒሜ ይህን ኃይል እስከ ጫፉ ወስዶ፣ ማንንም በአንድ ቡጢ የሚጥለው ሰው እንዴት ባዶነት እንደሚሰማው ያሳያል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን እዚያው ይቆማል። «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» ራቅ ብሎ ይሄዳል።

ሁለት ትዕይንት ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የጀግኖች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ተፈታኞቹ ሮቦቶችን በማፍረስ ነጥብ ይሰበስባሉ። ሚዶሪያ በዚህ ጊዜ፣ እንዴት እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ የከባድ ኃይል ተቀባይ ሆኗል፤ ግን አንድም ሮቦት አላፈረሰም፤ ነጥቡ ዜሮ ነው። ድንገት ማፍረሱ ምንም ነጥብ የማያስገኝ፣ ፎቅ የሚያህል ሮቦት መጣ፤ ሁሉም ሸሸ። ኦቻኮ ኡራራካ የምትባል ልጅ ፍርስራሽ ይዟት ወድቃለች። ሚዶሪያ ሮጠ፤ ዘልሎ መታው፤ እጁና ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ፤ ጊዜው አለቀ። ወደቅሁ ብሎ አለቀሰ። ኋላ ላይ ግን መምህራኑ ለተፈታኞች ሳይነግሩ ሌላ ነጥብ ይይዙ እንደነበር ታወቀ፤ ሰውን ለማዳን የሚሰጥ ነጥብ ነው፤ ሚዶሪያ ስልሳ አገኘ። ይህ በተለይ እኛን ይመለከተናል። በእኛ ፉከራና ሽለላ የጀግና ማዕረግ «ገዳይ» ነው፤ የጣለው ይቆጠርለታል። አያቶቻችን አገር አቆይተውልናልና ፉከራውን አላቃልልም፤ ግን ልጄ ጀግንነትን በገደሉት ቁጥር ሳይሆን ባዳኑት ሰው የሚለካ ታሪክ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ትዕይንት ቴንኮ ሺሙራ የሚባል ሕፃን ነው። በኋላ ስሙ ቶሙራ ሺጋራኪ ተብሎ ከተማ የሚያፈርስ አረመኔ የሚሆነው እርሱ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ሳለ የያዘው ኃይል፣ የነካውን ሁሉ የሚያፈርስ ኃይል፣ ሳያውቀው ፈነዳበት፤ ቤተሰቡ በእጁ አለቀ። ጫማ የለውም፣ ልብሱ ተቀዳዷል፣ ፊቱ በደም ተለውሷል። በሰው በተሞላ ጎዳና ይሄዳል። ሰው ሁሉ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ደህንነቱን ይጠይቁታል፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ይደነግጣሉ፤ ጀግና ወይም ፖሊስ ይመጣል ብለው ይሄዳሉ። ሌላውም እንዲሁ ያልፋል። ማንም ክፉ አይደለም። እያንዳንዱ ሌላ የሚመለከተው ሰው እንዳለ ያምናል። በመጨረሻ በድልድይ ሥር እጁን የዘረጋለት የታሪኩ ትልቁ ክፉ ሰው ነው፤ ልጁም የዘረጋለትን እጅ ያዘ፤ ሌላ እጅ አልተዘረጋለትምና።

በኢያሪኮ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው፣ አይተው ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ የማያስታውስ ክርስቲያን አለ? ጃፓናዊው ደራሲ ወንጌሉን እያሰበ ይጻፈው አይጻፈው ለእኔ ለውጥ የለውም። ያነሣው ጥያቄ ግን የእኛ ነው። ጀግናን በደመወዝ የቀጠረ ሕዝብ ርኅራኄውንም አብሮ አስረከበ። ፍቅር የባለሙያ ሥራ ሆነ። እኛስ? ጎዳና ላይ የተኛውን ልጅ ስናልፍ «መንግሥት አለ»፣ «በጎ አድራጎት ድርጅት አለ»፣ «ቤተ ክርስቲያን አለች» አንልም? በማንጋው መዝጊያ አካባቢ እኒያው አሮጊት ተመልሰው ይታያሉ። የሚያስፈራ ኃይል የያዘ ሌላ ልጅ ብቻውን ቆሞ ያገኛሉ። ይፈራሉ፤ ግን በዚህ ጊዜ አላለፉም፤ እጁን ያዙት። ይህች አንዲት ገጽ ከኃያላኑ ጦርነት ሁሉ ትበልጥብኛለች፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ ምንም ዝና የላቸውም።

ሚዶሪያም በመጨረሻው ፍልሚያ ሺጋራኪን እንደ ጠላት ብቻ ሊያየው አልቻለም፤ በውስጡ ያ የሚያለቅስ ሕፃን እንዳለ አይቷልና። ጠላታችሁን ውደዱ የሚለውን ቃል ለወጣቶች ስናስተምር ብዙ ጊዜ ቃሉ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ መልክ አለው፤ ከባድነቱም አልተደበቀም። ታሪኩ ክፉ ሥራን ይቅር ባይ መስሎ አያቃልለውም፤ ሺጋራኪ ያጠፋው ጠፍቷል።

ሌላው በጥልቀት እንድታዩት የምፈልገው የቶዶሮኪ ቤት ታሪክ ነው። አባትየው ኢንዴቨር በአገሩ ሁለተኛ ጀግና ነው፤ አንደኛ መሆን ስላልቻለ፣ እርሱ ያልደረሰበት የሚደርስ ልጅ ለመውለድ ብሎ ሚስቱን በኃይሏ ምክንያት መርጦ አገባ። ልጁን ሾቶን ከሕፃንነቱ እየደበደበ አሠለጠነው። እናቲቱ አእምሮዋ ተናውጦ የፈላ ውሃ በልጇ ፊት ላይ አፈሰሰች፤ ጠባሳው እስከ መጨረሻ አብሮት አለ። ደጅ የሚጨበጨብለት፣ ቤት የሚፈራ አባት! ይህን ሰው የማያውቅ ጉባኤ የለም። ከዚያ አባትየው የተመኘውን አንደኛነት ካገኘ በኋላ የሠራውን ያየዋል። ንስሐ ይገባል። እዚህ ላይ ደራሲው ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ናትሱኦ የሚባለው ልጁ «አልችልም፣ ይቅር አልልህም» ይለዋል። አባትየው አይቆጣም፤ ይቅርታ እንዲደረግለት አይጠይቅም። ቤተሰቡ ከእናታቸው ጋር ያለ ስጋት የሚኖርበት ቤት ሊሠራላቸው፣ እርሱ ግን ተለይቶ ሊኖር ይወስናል።

ይህን ስናገር ሽምግልና የተቀመጡ አባቶች እንዲሰሙኝ እወዳለሁ። በእኛ ቤት ሲበዳደሉ ሽማግሌ ይገባል፤ የተበደለው «ይቅር በል» ተብሎ ይገፋል፤ የበደለው ጉልበት ስሞ ይነሣል፤ ማግስቱም ዱላው ይቀጥላል። ይቅርታ የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን አልክድም፤ ጌታችን ያዘዘው ነው። ግን በዳዩ የሚጠይቀው ዕዳ አይደለም። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ሕዝቡ እንዲያመሰግነው አልጠየቀም። ይህ አኒሜ ስለ ንስሐ ፍሬ ያሳየውን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ለወጣት የተሠራ ነገር ብዙ አላየሁም። አብራችሁት ካያችሁት፣ ልጁ ስለ ራሳችሁ ቤት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይጠይቃችሁ።

እስካሁን አመሰገንኩት፤ ነገር ግን ክርስቲያን ተመልካች የማይለቀው ልዩነት አለ፤ እሱንም በቀጥታ ልናገር። ኦል ማይት የሚባለው አንደኛው ጀግና ሁልጊዜ ፈገግ ይላል፤ በደረሰበት ጥቃት ጨጓራው ወጥቶ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ መሥራት እየቻለ፣ ሕዝቡ እንዳይፈራ ቁስሉን ደብቆ ይዋጋል። ኃይሉን ለሚዶሪያ ያስተላልፋል። የቆሰለ አዳኝ፣ ራሱን የሚሰጥ፣ ለደካማው ኃይሉን የሚያካፍል ነው፤ ወጣቶች እርሱን ሲያዩ ክርስቶስን ቢያስቡ አልፈርድባቸውም። ግን ሚዶሪያ ያንን ስጦታ ያገኘው በምን ነበር? ጓደኛው ተይዞ ሲጨነቅ ሁሉም ቆሞ ሲያይ እርሱ ብቻውን ሮጦ ስለገባ ነው። ተገብቶት ነው። ከዚያም ሰውነቱ ኃይሉን እንዲችል ለአሥር ወር በቆሻሻ የተሞላ የባሕር ዳርቻ አጸዳ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ወንጌል ግን አይደለም። በወንጌል ስጦታው የመጣው ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው፤ ለሸሸው ለጴጥሮስ፣ በቀኝ ለተሰቀለው ወንበዴ። ሮጦ ያልገባ፣ ቆሞ ያየ፣ ፈርቶ ያለፈ ሰው በዚህ አኒሜ ውስጥ ተስፋው በራሱ ጥረት ላይ ነው፤ «ከዚህ በኋላ ልሻሻል» ነው ያለው። እግዚአብሔር የለበትም። ጸሎት የለበትም። የሞተ ሰው በትዝታ ይኖራል እንጂ ትንሣኤ የለውም። ይህን ጉድለት ለልጃችን ካልነገርነው፣ የክርስትናን ትርጉም «ጎበዝ ሁን፣ ተስፋ አትቁረጥ» አድርጎ ይረዳዋል፤ የደከመ ቀን ደግሞ የሚይዘው ያጣል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ላለ ወጣት፣ ከወላጅ ወይም ከበሰለ ታላቅ ጋር፣ የተባሉትን ትዕይንቶች እየዘለለ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው። ለሕፃናት አይሆንም። ብቻውን፣ ሌሊት፣ ጾሙንና ጥናቱን በልቶ፣ በአንድ ቅዳሜ አሥራ አምስት ክፍል የሚውጥ ወጣት ደግሞ ይዘቱ መልካም ቢሆን እንኳ አይጠቅመውም፤ ሁሉ ተፈቅዶልን ሳለ ምንም እንዳይገዛን ሐዋርያው የተናገረው እዚህ ላይ ይሠራል። በሌሎቹ አኒሜዎች ላይ በዚህ ሥራ መሠረት አትፍረዱ፤ እያንዳንዱን በራሱ እዩ።

ብዙዎቻችሁ «እንግሊዝኛው ይፈጥንብናል፣ ከሥር የሚጻፈውንም አንከታተለውም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልጁ ይተርጉምላችሁ። የሚተረጉም ሰው እያንዳንዱን ቃል በአፉ ሊያወጣው ይገደዳል፤ በዓይኑ ሲያልፍ ያልከበደው ቃል ለእናቱ በአማርኛ ሲነግራት ይከብደዋል። በቴሌግራም ያወረደውን ደብቆ የሚያይ ልጅ ያላችሁም፣ ስልኩን አትቀሙት። ይህን ሥራ የሚከታተል ዕድሜው የደረሰ ልጅ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከእራት በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ባኩጎ ስለ ጣራው ያለውን ሲናገር «እዚህ ጋ አቁመው፣ ምን አለው?» በሉት። ሲተረጉምላችሁ ስሙት፤ ከዚያ በትምህርት ቤት ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የሚባል ልጅ እንዳለ፣ እርሱንም እንዲህ ያለው ሰው እንዳለ ጠይቁት፤ እስኪመልስም ታገሡት።